ቤትና ማሰሪያው፤ በአርብ ገበያ አካባቢ አሮጌ ቤት ስለሚታደስበት ልማድ

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳው በስተሰሜን ከላይ ጋይንት፣ በስተምዕራብ ከስማዳ ጋር ይዋሰናል፤ በስተደቡብ ምድሩ ወደ በሽሎ ሸለቆ እየወረደ ይሄዳል። ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው ተቀራርበው የሚገኙበት አገር ስለ ሆነ፣ ለቤት ሥራ የሚገኘው ዕንጨት፣ ሣርና ድንጋይ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ሲሄዱ ይለያያል። የአሠራሩ ሥርዐት ግን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በጠቅላላውም በአማራ ደጋ አገር በብዙው አንድ ነው።

ስለ አገራችን ቤቶች ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ቤት እንዴት እንደሚያረጅ፣ ካረጀም በኋላ ዕንጨቱና ድንጋዩ፣ ጭቃውና ሣሩ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የተለመደ አይደለም። ነገር ግን የገበሬው ቤት ታሪክ እኩሌታው ከተሠራ በኋላ ያለው ነው። አባት የተከለው ምሰሶ በልጅ ቤት ቋሚ፣ በልጅ ልጅ ቤት ደግሞ የአጥር ችካል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የዕቃ ጉዞ መከታተልና ጉዞው የሚቻለው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ሲመረመር የዕንጨቱና የድንጋዩ ጥንካሬ ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ አይገኝም። ዋናው ቁም ነገር ያለው በማሰሪያው ላይ ነው። ማሰሪያው ከሚያስረው ዕቃ ደካማ በሆነ ጊዜ ቤቱ ሳይሰበር ይፈታል፤ ማሰሪያው ከታሰረው ዕቃ በበረታ ጊዜ ግን ቤቱ የሚፈታው ዕቃው ሲሰባበር ነው። በዛሬው ዘመን በገጠር ከተሞቻችን ሲሚንቶ የጭቃን ቦታ እየያዘ በመሄዱ፣ ይህ ልዩነት የአንድ አናጺ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የብዙ ሰው ሀብትና ዕውቀት የሚመካበት ነገር ሆኗል።

የቤቱ አካላት

በአካባቢው ሁለት ዐይነት ነባር ቤት ይታወቃል። አንደኛው ግድግዳው በዕንጨትና በጭቃ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ግድግዳው በድንጋይ ተክቦ በጭቃ የሚያያዝ ነው። በቅርጽም በኩል ክቡ ጎጆና አራት ማዕዘን ያለው ሰቀላ ይለያያሉ። ክቡ ቤት ጥንታዊው የገበሬ ቤት ሲሆን፣ ሰቀላው ቆርቆሮ ከመጣ ወዲህ በጣም ተስፋፍቷል፤ ቀጥ ያለው ቆርቆሮ ክብ ጣራ ለመክደን አይመችምና።

በዕንጨት ግድግዳ ቤት መጀመሪያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቋሚዎች በዙሪያው ይተከላሉ። በቋሚዎቹ ላይ ከውስጥና ከውጭ ማገር በአግድም ይታሰራል። በቤቱ መካከል ምሰሶው ይቆማል፤ ከምሰሶውም ላይ ጣራውን የሚደግፈው ወጋግራ ይነሣል። ከዚያ በኋላ የጣራው ዕንጨት ተዋቅሮ በማገር ይያዛል፤ ሣሩም ከታች ከክፍክፉ ተጀምሮ ወደ ላይ እየተደራረበ ይከደናል። በመጨረሻም ግድግዳው ይመረጋል። ማሰሪያው በድሮ ልማድ ልጥ ወይም ሐረግ ነው፤ ልጡ እርጥብ ሆኖ ይታሰርና ሲደርቅ ይጠብቃል።

ጭቃው ራሱን የቻለ ዕውቀት አለው። ዐፈሩ ተቆፍሮ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፤ ውሃ እየተጨመረበት፣ በእግር እየተረገጠ ለቀናት ይሰነብታል። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያያይዘዋል፤ እየበሰበሰ ሲሄድም ጭቃውን ያጣብቀዋል። ከምርጉ በላይ የሚመጣው ልስን ከቀጭን ዐፈርና ከእበት ይዘጋጃል። ዕንጨት መቁረጥ፣ ማቆምና መክደን የወንዶች ሥራ ሲሆን፣ ልስኑ፣ ወለሉን መለቅለቁ፣ መደቡን፣ ምድጃውንና የእህሉን ጎታ ማበጀቱ የሴቶች ሙያ ነው። ስለዚህ የቤቱ የውስጥ አካል ከሞላ ጎደል የሴት እጅ ሥራ ነው ለማለት ይቻላል።

ለዕንጨት ከሁሉ የሚከበሩት ወይራና ጽድ ናቸው። የሁለቱም ውስጠኛው ዕንጨት ምስጥን የሚቋቋም ስለ ሆነ ለምሰሶና ለቋሚ ይመረጣል። ለመዝጊያና ለመቃን ግን ሰፊ ሳንቃ የሚወጣው ዋንዛ ይፈለጋል። ማገር ከቀጫጭን ዕንጨት ሁሉ ይዘጋጃል፤ ክትክታና ሌላም ቁጥቋጦ ለዚህ ያገለግላል።

መትከልና መንቀል

ስለ ቤት የሚነገሩት ግሦች ለተመራማሪ የሚጠቅም ምስክርነት ይሰጣሉ። ጎጆ ይተከላል፤ ድንኳንም ይተከላል፤ ደብርም ይተከላል። የሚተከል ነገር ደግሞ ይነቀላል። ገበሬ መኖሪያውን ሲለውጥ ቤቱን ነቅሎ ሄደ ይባላል፤ የተነቀለውም ዕንጨት በሌላ ቦታ ዳግመኛ ይተከላል። ማፍረስ የሚለው ቃል ግን የጥፋት ድምፅ አለው። ትዳር ሲበተን ቤቱ ፈረሰ ይባላል፤ ግንብም ይፈርሳል። መንቀል ዕቃውን የሚያድን ሥራ ሲሆን ማፍረስ ዕቃውን የሚያጠፋ ነው። ጎጆ መውጣት የሚለውም አነጋገር አዲስ ትዳር መመሥረትን ሲያመለክት፣ ትዳርና ቤት በአንድ ጊዜ እንደሚተከሉ ያሳስባል።

እድሳቱ የሚከናወነው መኸር ከገባ በኋላ ክረምቱ ሳይመጣ ነው። በዚያ ወራት ሣሩ ደርቆ ይገኛል፤ ጎረቤትም ከእርሻ ሥራ ስለሚያርፍ በደቦና በወንፈል ይረዳል። ባለቤቱ ለተሰበሰበው ሰው ምግብና ጠላ ያቀርባል። ቤቱ የሚፈታው ከላይ ወደ ታች፣ ከተሠራበት ሥርዐት በተቃራኒ ነው። አስቀድሞ ክዳኑ ይወርዳል፤ ቀጥሎ የጣራው ማገርና ዕንጨት ይፈታል፤ ከዚያም ምርጉ ረግፎ የግድግዳው ማገር ይነሣል፤ በመጨረሻም ቋሚዎቹና ምሰሶው ይነቀላሉ። ልጡ አርጅቶ ስለሚደርቅ በካራ ሲነካ ይበጠሳል፤ ዕንጨቱ ግን ምንም አይሆንም። ምስማር ያልተመታበት ዕንጨት ሳይሰነጠቅና ሳይቦረቦር ይወጣል።

ሁልጊዜ ቤቱ በሙሉ እንዲነቀል አያስፈልግም። በብዙ ጊዜ የሚያረጀው የቋሚው እግር ብቻ ነው። የተተከለ ዕንጨት አስቀድሞ የሚበሰብሰው በመሬቱ ገጽ ልክ፣ እርጥበትና አየር በሚገናኙበት ሥፍራ ነው። ከዚያ በላይ ያለው አካል ደኅና ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ አንዳንዱ ባለቤት ጣራውን በድጋፍ አቁሞ የጎዱትን ቋሚዎች ብቻ እያወጣ ይለውጣል። ለመለየትም ዕንጨቱን በመጥረቢያ ጀርባ መትቶ ድምፁን ይሰማል፤ በካራ ጫፍም ይወጋዋል። ድምፁ የደነቆረና ጫፉ በቀላሉ የገባበት ዕንጨት በስብሷል ማለት ነው።

የየዕቃው መንገድ

ከተነቀለው ቤት የሚገኘው ዕንጨት እንደ ሰው ማዕርግ አለው፤ ነገር ግን ጉዞው ቁልቁል ነው። ረጅሙ ምሰሶ የበሰበሰው እግሩ ሲቆረጥ ለምሰሶነት ያጥራል፤ ለቋሚነት ግን ይበቃል። ቋሚው ሲያጥር ለመቃን፣ ለቆጥ ወይም ለበረት ይሆናል። ከዚያም የአጥር ችካል ይሆናል። የመጨረሻው ማዕርግ ማገዶ ነው። ጥሩ ባለቤት የሚባለው በዚህ መሰላል ላይ አንድ ዕርከን የማይዘል ነው፤ ምሰሶ ሊሆን የሚችለውን ዕንጨት ችካል ማድረግ፣ ችካል ሊሆን የሚችለውንም ማንደድ እንደ ብክነት ይቈጠራል።

ለዕንጨቱ ዕድሜ የቤቱ ጢስ ትልቅ አስተዋጽኦ አለው። በሣር ቤት ምድጃው በውስጥ ስለሚነድ ጢሱ በጣራው ዕንጨት ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይለጠፋል። ጢሱም ዕንጨቱን ያደርቀዋል፤ ነቀዝንም ያርቃል። ከአሮጌ ጎጆ የሚወርደው ጥቁር ዕንጨት ከአዲሱ ይልቅ የሚታመንበት ምክንያት ይኸው ነው። ይህ ግን ያለ ዋጋ የመጣ ጥቅም አይደለም፤ ዕንጨቱን ያቆየው ጢስ የእናቶችንና የሕፃናትን ዐይንና ሳንባ ሲጎዳ ኖሯል።

ድንጋይ ዕድሜው ከሁሉ የረዘመ ነው። በጭቃ የተያያዘ ካብ ሲፈታ ጭቃው ይረግፋል፤ ድንጋዩም እንደ ነበረ ይገኛል። ጠራቢ አስቀድሞ ፊት ያወጣለት ድንጋይ ዳግመኛ መጠረብ ስለማያስፈልገው ዋጋው ከአዲስ ድንጋይ ይበልጣል። ያልተስተካከለው ደግሞ ወደ አጥርና ወደ እርከን ይሄዳል።

የጭቃው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይታለፋል። በፀሐይ የደረቀ ጭቃ ያልተቃጠለ ስለ ሆነ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ከአሮጌው ግድግዳ የረገፈው ምርግ ተከስክሶ ከአዲስ ጭድ ጋር ቢቦካ ለዳግመኛ ምርግ ይበቃል። የተሰበረ ጎታ፣ የፈረሰ ምድጃና መደብ ሁሉ በዚሁ መንገድ ይመለሳል። የተረፈውም ዐፈር ወደ ጓሮ ይሄዳል። የወረደው የክዳን ሣር እንዲሁ በጓሮ በስብሶ ምድሩን ያለማል። ከዚህም የተነሣ ነባሩ ቤት በመጨረሻ ትቶት የሚሄደው ፍርስራሽ የለም ማለት ይቻላል፤ የቤቱ ቦታ ዐርሶ ለሚዘራ ሰው ለም መሬት ይሆናል።

ለዘለቄታው የሚታደሰው ነገር ክዳኑ እንደ ሆነ፣ በክዳኑ ጥላ ሥር ግን የጸና አካል ሊቆይ እንደሚችል የሚያሳየው ታላቅ ምሳሌ በጋይንት ምድር ይገኛል። ይኸውም የድጓ መምህራን ማስመስከሪያ በመሆን የታወቀችው የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ናት። በዚያ የመካከለኛው ዘመን ሥራ የሆነ አራት ማዕዘን ያለው ጥንታዊ ሕንፃ በክብ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር ተሰውሮ ኖሯል። ከውጭ ለሚያየው የተለመደ የደጋ አገር ክብ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። ክዳን በክዳን ላይ እየተተካ፣ ውስጠኛው ሕንፃ ከዝናብ ተጠብቆ ለብዙ ትውልድ ደረሰ። የገበሬውም ቤት በትንሹ የሚከተለው ይህንኑ ሕግ ነው፤ ጠፊው በየጊዜው ይለወጣል፣ ነዋሪው ይቆያል።

ድንጋይ፣ ጡብና ኖራ በሌላ ሥፍራ

የጋይንት ገበሬ በልማድ የሚያውቀው ነገር በሌሎች ቦታዎችም ይታያል። በየሐ ከጥንታዊው ቤተ መቅደስ አጠገብ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የዋልያ ምስል የተቀረጸባቸው የቀድሞ ዘመን ድንጋዮች ገብተው ይገኛሉ። በላስታ ፎቅ ያላቸው ክብ የድንጋይ ቤቶች በጭቃ የተያያዙ በመሆናቸው፣ ድንጋዩ ሊፈታና ሊካብ ይችላል።

የጡብ ቤትም ቢሆን ለዚህ ሕግ ይገዛል። ጡብ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአክሱም የጡብ ቅስቶች መቃብር በሚባለው ሥፍራ የተቃጠለ ጡብ ለቅስት ሥራ እንደ ዋለ በቁፋሮ ታይቷል። በአውሮፓ ከሲሚንቶ መስፋፋት በፊት ጡብ የሚያያዘው በኖራ ነበር። ኖራ ከጡብ ይልቅ ለስላሳ ስለ ሆነ፣ አሮጌው ግንብ ሲፈታ ጡቡ በመዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ኖራው ይራገፋል፣ ጡቡም ዳግመኛ ይገነባል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በፈረሱት የጀርመን ከተሞች ሴቶች ተሰልፈው ጡብ ከፍርስራሹ እየለቀሙ፣ በመዶሻ እየጠረቡ፣ ለአዲስ ቤት ሥራ ያዘጋጁት በዚህ ምክንያት ነው። ያ ሁሉ ጡብ በሲሚንቶ ተያይዞ ቢሆን ኖሮ፣ አብዛኛው ከማሰሪያው ሳይለይ በተሰባበረ ነበር።

ፖርትላንድ የሚባለው ሲሚንቶ በእንግሊዝ አገር በጆሴፍ አስፕዲን ስም የተመዘገበው በ1824 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ዱቄት የሚገኘው የኖራ ድንጋይና ሸክላ ዐፈር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ተቃጥለው ነው። ከውሃ ጋር ሲገናኝ ወደ ቀድሞው ጠባዩ አይመለስም፤ እንደ ጭቃ በውሃ አይፈታም፤ እንደ ኖራም ለመዶሻ አይለዝብም። ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚህ አንድ ጠባይ ይመነጫል። በዓለም ላይ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ውስጥ ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ሥራ እንደሚመጣ ይገመታል። ስለዚህ የአሮጌ ዕቃ ዳግመኛ አገልግሎት ዛሬ በሀብታሞቹ አገሮች እንደ አዲስ ትምህርት ይሰበካል።

በጎንደር ከተማም ከዚሁ የሚመሳሰል ትምህርት ተገኝቷል። ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የተሠሩት ግንቦች በኖራ የተያያዙ ናቸው። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በነበረው የጣልያን ወረራ ጊዜ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶና አርማታ ገባባቸው። ይህ ለነባሩ ሥራ የማይስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ከዚያ በኋላ በተደረጉት ጥገናዎች ሲሚንቶውን በኖራ ለመተካት ተደክሟል። ለነገሥታት ግንብ የማይስማማው ማሰሪያ ለገበሬው የጭቃ ቤት ይበልጡን የማይስማማ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

የዘመኑ ለውጥ

በአርብ ገበያና በአካባቢው ያለው ቤት በሦስት ነገሮች ምክንያት ተለውጧል፤ እነርሱም ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ናቸው።

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ቶሎ የሚያድግና ቀጥ ብሎ የሚቆም በመሆኑ ወይራና ጽድ ለጠፋበት አገር ትልቅ መፍትሔ ሆነ። ነገር ግን ገና ለጋ ሆኖ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፤ ምስጥም ይበላዋል። ከላይ በተገለጸው የማዕርግ መሰላል ላይ አንድ ወይም ሁለት ዕርከን ወርዶ ማገዶ ይሆናል። ነባሩ ደን በደቡብ ጎንደር በአብዛኛው ተወስኖ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ላቀረቡት የምርምር ሥራ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረዋል። እንግዲህ ዛሬ ከአሮጌ ጎጆ የሚወርድ የወይራ ቋሚ ዳግመኛ ከጫካ ሊተካ የማይችል ሀብት ነው። እንደዚህ ያለውን ዕንጨት ለማገዶ መስጠት ወይም አክስሎ መሸጥ፣ የቀሩትን ዛፎች ቁጥር ከሚያስብ ሰው አእምሮ ጋር የሚጋጭ ሥራ ነው።

ቆርቆሮ በሌላ በኩል ከነባሩ ልማድ ጋር ተስማምቶ ገብቷል። እንደ ሣር በየጊዜው መለወጥ አያስፈልገውም፤ እሳትም አይፈራም። የግጦሹ መሬት እየታረሰ የክዳን ሣር በጠበበበት ጊዜ የቆርቆሮ መስፋፋት የሚያስገርም አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ሊነቀልና ሊዞር የሚችል ነው፤ ባለቤቱ ቤት ሲለውጥ ቆርቆሮውን አውርዶ ይሄዳል፤ የድሮው የምስማር ቀዳዳ ግን ካልተደፈነ ያንጠባጥባል። ሌላም ጉድለት አለው። በቀን ይሞቃል፣ በሌሊት ይበርዳል፤ ጢስ የሚወጣበት ሌላ መንገድ ስለሚያስፈልግም ምድጃው ወደ ውጭ ማድ ቤት ይሄዳል። ይህም ለጤና መልካም ሲሆን፣ ጢስ ያልደረሰው የጣራ ዕንጨት ለነቀዝ ይጋለጣል።

ሦስተኛው ሲሚንቶ ነው። የሲሚንቶ ቤት የራሱ ቃላት አሉት፤ ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ሊሾ፣ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ምሰሶ፣ ማገር፣ ወጋግራ፣ ምርግ፣ ልስን የሚሉት ቃላት ከነባሩ ቤት ጋር ሲኖሩ፣ አዲሱ ቤት ከነስሙ ከውጭ ገባ። ቃላቱን በመዋሳችን ምንም ጉዳት የለም። ጉዳቱ ያለው ሲሚንቶው በአሮጌው የጭቃ ግድግዳ ላይ እንደ ልብስ ሲደረብ ነው።

ብዙ ባለቤት አሮጌውን ቤት ለማሳመር ሲፈልግ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ለጊዜው ቤቱ ግንብ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ጭቃ እርጥበትን ይቀበላል፣ ይመልሳልም፤ ሲነካውም ያብጣል፣ ሲደርቅም ይኰማተራል። ሲሚንቶው ግን ደረቅ ቅርፊት ስለ ሆነ ከጭቃው ጋር አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ እንደ ቀድሞው ወደ ውጭ ተንኖ መውጣት አይችልም፤ በቅርፊቱ ጀርባ ተሰውሮ ጭቃውን ያለሰልሳል፣ የቋሚውንም እግር ያበሰብሳል። በመጨረሻ ቅርፊቱ ሲወድቅ የግድግዳውን ፊት ገፍፎ ይወርዳል። የወደቀው ነገር ደግሞ ከእንግዲህ ለምርግ አይቦካም፤ ለጓሮም አይሆንም። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርስራሽ አለው።

ይህ ሲባል የሲሚንቶን ጥቅም መካድ አይገባም። በሊሾ የተሠራ ወለል አቧራና ቁንጫ ይቀንሳል፤ ለመጥረግም ይቀላል። የጭቃ ቤት በየዓመቱ መለሰንና መለቅለቅ አለበት፤ ይህም ድካም የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነው። እበት ተሸክማ ቤት ስትለቀልቅ የኖረች እናት ሲሚንቶ ብትመኝ፣ በቤት ውበት የሚደሰት ተመራማሪ ሊነቅፋት መብት የለውም። ስለ ነባር ልማድ መጥፋት የሚጽፍ ሰው ልማዱ በማን ጉልበት ሲቆም እንደ ኖረ ዘወትር መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ሊታሰብበት የሚገባው ጥያቄ ሲሚንቶ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው አይደለም፤ የት ቦታ ይግባ የሚለው ነው።

ለእድሳት የሚበጅ አካሄድ

ከላይ ከተዘረዘረው ለባለቤትም ለአናጺም የሚጠቅም ጥቂት መመሪያ ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ ቤት ከመነቀሉ በፊት ዕቃው ይቈጠር። እያንዳንዱ ዕንጨት ምን ዐይነት ዛፍ እንደ ሆነ፣ ርዝመቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ የትኛው ወገኑ እንደ በሰበሰ ታይቶ በምልክት ይለይ። ወይራ፣ ጽድና ዋንዛ ከባሕር ዛፍ ጋር ሳይደባለቁ ለብቻቸው ይቀመጡ።

ሁለተኛ፣ እግሩ የበሰበሰ ቋሚ እግሩ ተቆርጦ ዳግመኛ በመሬት ከሚተከል ይልቅ ከመሬቱ ገጽ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቢቆም ዕድሜው እጅግ ይረዝማል። እንደዚህ ሲደረግ ግን ቋሚው በመሬት አልተያዘምና በአግዳሚና በሰያፍ ዕንጨት ተደግፎ መጠንከር አለበት። ሲሚንቶ ካለም ተገቢ ቦታው በዚህ በታችኛው ወገን፣ ወለልና የውሃ መከላከያ በሚያስፈልግበት ሥፍራ ነው።

ሦስተኛ፣ የጭቃ ግድግዳ በጭቃ ይለሰን። ልስኑ በኖራ ቢቀባ ይነጣል፣ ዝናብም በመጠኑ ይከላከላል፣ የግድግዳውን እርጥበት ግን ወደ ውጭ ከመውጣት አያግደውም። ክፍክፉ ሰፍቶ ከግድግዳው ቢርቅ፣ በዙሪያውም ውሃ መውረጃ ቢቆፈር፣ በየዓመቱ የሚያስፈልገው ልስን በብዙ ይቀንሳል፤ የሴቶቹም ድካም እንደዚሁ።

አራተኛ፣ ፊት የወጣለት አሮጌ ድንጋይ ዳግመኛ ሲካብ በጭቃ ወይም በኖራ ቢያያዝ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሠሪ ደግሞ ይተርፋል። በሲሚንቶ የተያያዘ ድንጋይ ግን ያን ቤት እንጂ ሌላ ቤት አያይም።

ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች የሚቀረው ሥራም ቀላል አይደለም። የጎጆው አካላት ስሞች ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያሉ፤ ቃላቱ የሚኖሩት ቤቱን በሚሠሩ ሰዎች አንደበት ነው። በየዓመቱ በሚነቀለው አሮጌ ቤት ዘንድ አንድ ተማሪ ተገኝቶ የዕንጨቱን ዐይነት፣ የተተከለበትን ዘመን፣ አስቀድሞ በየትኛው ቤት እንደ ነበረ ከባለቤቱ ጠይቆ ቢጽፍ፣ የቤተሰቡን ታሪክ ከዕንጨቱ ሊያነብብ ይችላል። ወንድሞች የአባታቸውን ቤት ሲካፈሉ ማን ምሰሶውን ማን መዝጊያውን እንደ ወሰደ ማወቅ የርስት ክፍፍልን ለሚያጠና ሰው ጥሩ ማስረጃ ነው። ልስን የሚያውቁ ሴቶችም ስለ ዐፈር ምርጫና ስለ ጭቃ አቦካክ ሊጠየቁ ይገባል፤ ስለ ቤት ሥራ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው አናጺው ብቻ ነውና።

በአጠቃላይ ሲታይ የታች ጋይንት ገበሬ ቤት ጊዜያዊና ደካማ መስሎ የታየው ማሰሪያው ደካማ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ልጡ ስለ ተበጠሰ ዕንጨቱ ዳነ፤ ጭቃው ስለ ረገፈ ድንጋዩ ተረፈ። አዲሱ ትውልድ አሮጌውን ቤት ሲያድስ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የሚጨምረው ማሰሪያ ምን ያህል እንደሚጠነክር ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ያን ቤት ለመፍታት በፈለጉ ጊዜ ከእጃቸው ምን እንደሚቀር ጭምር ነው።